ፓፉ ሲጫን መድኃኒቱ የት ይደርሳል?

አዊ ዲከረንስ ከተባለው ዛፍ የሚሠራው ከሰል አገር ነው፤ ጫግኒም ውስጥ እንጀራው የሚጋገረው፣ ቡናው የሚፈላው በአብዛኛው በማገዶና በከሰል ነው። ጭሱ አስም ያለበትን ሰው ሲያፍነው ሰማያዊዋ ሳልቡታሞል ፓፍ ትወጣለች፤ አንዴ ሁለቴ ትጫናለች። መድኃኒቱ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን አይታይም። ያሳየን ጋማ ካሜራ ነው።

መድኃኒቱ ላይ ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይጨመራል። ሰውየው እንደ ወትሮው ከሳበ በኋላ ካሜራው ፊት ይቆማል። ካሜራው ከአፍና ከጉሮሮ፣ ከጨጓራ፣ ከሳንባ የሚወጣውን ጨረር ለየብቻ ይቆጥራል፤ በደረት ሥጋና አጥንት የታገደውም ተሰልቶ ይታረማል። የንጥረ ነገሩ ኃይል በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ኒውማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ልኬት ዛሬም ያስደነግጣል። ከተነፋው 100 እጅ ሳንባ የደረሰው 9 ያህል ብቻ ነበር፤ 80ው አፍና ጉሮሮ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ አንዳንድ ፓፎች የተሻሉ ናቸው፤ ችግሩ ግን አልጠፋም። ምክንያቱ ፍጥነትና መጠን ነው። ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ ቁልቁል የሚበር መኪና ኩርባ ላይ ከመንገድ እንደሚወጣ፣ ፈጥኖ የሚወረወር ትልቅ ጠብታም የጉሮሮ መታጠፊያ ላይ ይላተማል። ወደ ሳንባ ቧንቧዎች ዘልቆ የሚያርፈው በተለይ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሆነው ነው።

ስለዚህ በፓፉና በአፍ መካከል የጠብታው ፍጥነት የሚበርድበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ስፔሰር የሚባለው ይህ ነው። የሚሸጠው ውድ ነው፣ በየፋርማሲውም አይገኝም። የኬፕ ታውኗ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ እኛ ሃይላንድ የምንለውን ዓይነት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ወሰዱ፤ ከሥሩ የፓፉ አፍ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ በጋለ ሽቦ በሱ፤ ዙሪያውን በማጣበቂያ አሸጉ፤ ከዚያ አስም ያለባቸው ልጆች በጠርሙሱ አፍ ሲተነፍሱ በጋማ ካሜራ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፦ በሃይላንዱ ሳንባ የደረሰው መድኃኒት ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር የሚመጣጠን ሆነ። አብሮ የተሞከረው የፕላስቲክ ኩባያ ግን ከሁሉም አነስተኛውን አደረሰ። እኔ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ለአገራችን ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው እላለሁ።

ምስሎቹ ሌላም አስተምረዋል። አዲስ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል፤ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይወለወል ሲደርቅ ሳንባ የሚደርሰው በእጅጉ ይጨምራል። «ሕፃን ሲያለቅስ አጥብቆ ይስባል» የሚባለውም ስህተት ነው፤ በሚያለቅስ ልጅ ሳንባ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። እስኪረጋጋ አባብሉት።

ጋማ ካሜራ በየቦታው የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ሃይላንድ ግን ጫግኒ በየሱቁ አለ። የጤና ባለሙያዎችና ፋርማሲስቶች ሆይ፣ ፓፍ ስትሰጡ የሃይላንዱን ስፔሰር አሠራር አብራችሁ አሳዩ፤ ሕመምተኛውም ፊታችሁ አንዴ ስቦ ያሳያችሁ።