ዓይን የማያየው መቀነት

አንባቢ ሆይ፤ ከወንበርዎ ሳይነሡ አንድ ነገር እንዲሞክሩ እለምንዎታለሁ። መዳፍዎን ከእምብርትዎ በታች ያኑሩና አንድ ጊዜ ያስሉ። ከመዳፍዎ ሥር ድንገት ጠንከር ያለ ነገር አልተሰማዎትምን? የዛሬው ወሬያችን ስለ እርሱ ነው።

በልማዳችን የሰውን ጉልበት የምንለካው በክንዱና በደረቱ ነው። ቋንቋችን ግን ከዓይናችን ይልቅ ዐዋቂ ሳይሆን አይቀርም፤ ለሥራ የሚነሣውን ሰው «ወገብህን ታጠቅ» ይለዋልና።

የጀርባችን ዓምድ ከዳሌ በላይ 24 አጥንቶች ተደራርበው የቆሙበት ነው፤ ከእነዚህ 5ቱ የወገብ ናቸው። ተመራማሪዎች ጡንቻው የተገፈፈለትን የሬሳ ወገብ በክብደት ሲፈትኑት፥ 9 ኪሎ ያህል ሲጫነው ይጣመም ጀመር። ከወገባችን በላይ ያለው ገላችን ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። እንግዲህ አጥንቱ የድንኳን ምሰሶ ነው እንጂ ብቻውን አይቆምም፤ ዙሪያውን የሚወጥሩት ገመዶች ያስፈልጉታል። ገመዶቹም ጡንቻዎች ናቸው።

ከፊት፥ ከጎድን እስከ ዳሌ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጡንቻ ገላን ወደ ፊት ያጥፋል። ስፖርተኛ በመስተዋት ፊት የሚኮራበት ይኸው ነው። በግራና በቀኝ በሰያፍ የተነባበሩት ሁለቱ ገላን ያዞራሉ፤ ወደ ጎንም ያዘነብላሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ተሰውሮ ሆድን አግድም የሚያቅፈው ግን እንደ እናቶቻችን መቀነት ያለ ነው። ከኋላ አጫጭር ጡንቻዎች አከርካሪን ከአከርካሪ ያያይዛሉ። ከላይ የመተንፈሻው ጡንቻ ድያፍራም ክዳን ሲሆን፥ ከታች የዳሌ ጡንቻዎች ወለል ይሆናሉ። ሁሉም ባንድነት ሲጠብቁ ሆድ በሚገባ እንደ ተነፋ ኳስ ይጸናል፤ ወገብም ከውስጥ ድጋፍ ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው አይደለምን?

የሚደንቀው ደግሞ ይህ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ሆጅስና ሪቻርድሰን የተባሉ በአውስትራልያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሰዎችን ክንዳቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አደረጉ። በጤነኞቹ ላይ ያ የተሰወረው መቀነት ከክንዱ ጡንቻ ቀድሞ ጠበቀ። ወገባቸውን በሚያማቸው ላይ ግን ዘግይቶ ተገኘ።

እኔም መምህር ነኝና የተማሪ ደብተር ሳርም እንደ ቀስት ጎብጬ እውላለሁ። በአንድ የፈተና ሰሞን ማታ ልነሣ ብል ወገቤ እምቢ አለኝ። ጥፋቱን ሁሉ በወንበሩ ላይ ጣልሁት። ወንበሩ ግን ለሰዓታት ሳልነሣ እንድቀመጥ አላዘዘኝም ነበር።

ስለዚህ በመዝገብ ቤትም ሆነ በቤተ መጻሕፍት ቢውሉ፥ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። ዕቃ ሲያነሡ ጉልበትዎን አጥፈው ሸክሙን ወደ ገላዎ ያስጠጉ። ማታ ደግሞ በምንጣፍ ላይ በደረትዎ ይተኙና በክርንዎና በእግር ጣትዎ ብቻ ተደግፈው ገላዎን እንደ ሳንቃ ቀጥ ያድርጉ፤ ትንፋሽዎን ሳይዙ 10 ሰከንድ ቆይተው ዐርፈው ይድገሙት። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ ቢያደነዝዝዎ ወይም ሽንት መቆጣጠር ቢያቅትዎ ግን ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ነገ ማለዳ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ለማውረድ ክንድዎን ሲዘረጉ፥ ከክንድዎ አስቀድሞ የታጠቀልዎ ሌላ እንዳለ ያስታውሱ።