ሳቅ ለጤና ያለው ጥቅምና ልኩ



እዚህ ደብረ ወርቅ በምሠራበት መድኃኒት ቤት የደም ግፊት ክኒናቸውን በየወሩ የሚወስዱ አንዲት እናት ለሁለት ወር ጠፉብኝ። ሲመጡ «ምነው እናቴ፣ ደህና አልነበሩም?» ብላቸው፣ «ሳቅ ግፊት ያወርዳል ሲባል ሰምቼ ከልጅ ልጆቼ ጋር እየሳቅሁ ከረምኩ» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ሄደው ሲለኩ ግፊታቸው ከበፊቱ ብሶ ነበር። የዚህን ወር ጽሑፍ ያመጣው ይህ ነው።

እኒህ እናት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ስንስቅ ትንፋሻችን ይፈጥናል፣ ልባችን ለጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደረትና የሆድ ጡንቻዎችም ይሠራሉ፤ ሳቁ ሲያበቃ ሰውነት ዘና ይላል። አንጎላችንም ኢንዶርፊን የተባለ ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ያመነጫል። የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ አብረው የሳቁ ሰዎች ሕመምን የመቋቋም አቅማቸው ጨምሮ ተገኝቷል። አብረው የሚለውን ልብ በሉልኝ። አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮቫይንም ሰው ብቻውን ከሚስቀው ይልቅ ከሰዎች ጋር ሲሆን 30 እጥፍ እንደሚስቅ አስተውለዋል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራራ የሚሰማው ሳቅ ከዚህ የሚቆጠር ነው።

በአገራችን ሳቅን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው በላቸው ግርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመን ውስጥ 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ያለማቋረጥ ስቆ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል፤ አዲስ አበባ ላይም የሳቅ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ለእኛ ሦስት ሰዓቱ አያስፈልገንም።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብዛኛው ሳቃቸው ፈገግታ ነበር፤ ለወንድም ፊት ፈገግ ማለትንም ሶደቃ ብለውታል። ይቀልዱም ነበር። አንድ ሰው የሚጫነው ግመል ሲጠይቃቸው የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውየው «ልጇ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ግራ ሲጋባ፣ ትልቁም ግመል የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። በቀልዱ ውስጥ ውሸት የለም፣ የተዋረደም ሰው የለም። ለማሳቅ ሲባል መዋሸትን ግን አጥብቀው ከልክለዋል። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሳቀው በአንድ ልጅ ነው፤ በመንተባተቡ፣ በጥቁረቱ፣ በውፍረቱ። ያ ልጅ ከሳቁ የሚያገኘው ጤና የለም፤ ማታ እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውም አሉ። አስም ያለበት ሰው በኃይል ሲስቅ ሊነሳበት ስለሚችል መንፊያው ከአጠገቡ አይራቅ። ሆዱን በቅርብ የተቀደደ ሰው ስፌቱ እስኪጠግግ ሳቁን ያለዝበው። እህቶች፣ ከወሊድ በኋላ ስትስቁ ሽንት ጠብ ካለባችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁም። ብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል፤ ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ስላለ አዋላጇን ጠይቋት።

ግፊት፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ደግሞ ክኒናችሁን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ። ግፊት ብዙውን ጊዜ ስሜት የለውም፤ ደህና ነኝ ማለት ወርዷል ማለት አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳቅ የራቀው፣ ምግብና እንቅልፍ ያስጠላው የቤተሰብ ሰው ካለም «ተጫወት እንጂ» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።