ጥሬ ሥጋ ወይስ የፋብሪካ ምግብ? የውሻና የድመት አመጋገብ

ውሻና ድመት በተፈጥሯቸው ሥጋ በል ስለሆኑ ጥሬ ሥጋና አጥንት ሊመገቡ ይገባል የሚለው አስተሳሰብ በምዕራባውያን አገሮች ይበልጥ የተስፋፋው፣ አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ውሻ አመጋገብ የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ የዱር ዘመዶቻቸው ምድጃ የማያውቁ ሲሆኑ፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ ግን የውሻ ብስኩት እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ከቀረበበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚል ነው። ታሪኩ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱም ለእንስሳው ጤና ወሳኞቹ በምግቡ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ እነርሱም በጥሬው ሊጎድሉ፣ በበሰለውም ሊሟሉ ይችላሉ።

የጥሬ ሥጋ ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት የካሊፎርኒያው ሐኪም ፍራንሲስ ፖተንገር እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1942 በድመቶች ላይ ያካሄደውን ሙከራ ነው። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ወተት የተመገቡት ድመቶች በጤና ሲራቡ፣ የበሰለ ሥጋ የተሰጣቸው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየደከሙ፣ አጥንታቸው እየሳሳና መውለድ እያቃታቸው ሄዱ። ሐኪሙ የታዘበውን መዝግቧል፤ ነገር ግን በዘመኑ ድመት ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር የግድ እንደሚያስፈልጋት የሚያውቅ አልነበረም። ታውሪን ከአሚኖ አሲዶች ጋር የሚመደብ፣ በእንስሳት ሥጋና የሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጤነኛ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ ሊያመርተው ሲችል፣ ድመት ግን የሚበቃትን ያህል ማምረት ስለማትችል ከምግቧ ማግኘት አለባት። ሥጋ ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ መረቁ ይወጣል፤ መረቁ ከተደፋም አብሮ ይደፋል። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች የፖተንገር ድመቶች የተጎዱት ቢያንስ በከፊል በዚህ እጥረት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እጥረቱ የድመትን ዓይን እንደሚያጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲታወቅ፣ የልብ ጡንቻዋን እንደሚያላላና ልቧን እንደሚያሰፋ ደግሞ ፖል ፒዮንና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 አረጋገጡ። ለፋብሪካዎች የማይመቸው እውነት፣ እነዚህ የልብ ሕሙማን ድመቶች ይመገቡ የነበረው በገበያ የሚሸጥ የፋብሪካ ምግብ መሆኑ ነው። አምራቾች የታውሪኑን መጠን ከጨመሩ በኋላ በሽታው እጅግ ብርቅ ሆኗል።

ውሻን እንደ ተኩላ መቁጠርም ብዙ አያስኬድም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ስታርችን የሚፈጨውን አሚሌዝ የሚያዘው ዘረመል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አሳይተዋል፤ ውሻ ከሰው ጋር ኖሮ ከሰው ማዕድ የተረፈውን መብላት ለምዷል ማለት ነው። ድመት ግን ይህን መንገድ አልተከተለችም። ካሮት ውስጥ ያለውን ቢጫ ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ አትችልም፤ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የሌለበት አንድ ምግብ እንኳ በሰዓታት ውስጥ ደሟን በአሞኒያ ሊመርዘው ይችላል።

ሥጋ ብቻ መመገብም የራሱ ጣጣ አለው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ15 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በጥቂቱ እንዲበልጥለት ይፈልጋል። ይህ ሲዛባ ሰውነቱ ጉድለቱን ከገዛ አጥንቱ ስለሚያሟላ፣ ለቡችላው በደግነት ሙዳ ሥጋ ብቻ የሚቆርጥ ባለቤት እግሩ የሚንጋደድና በቀላሉ የሚሰበር እንስሳ ያሳድጋል። ጉበት ማብዛትም በቫይታሚን ኤ ብዛት የድመትን የአንገት አጥንቶች እስከ ማጣበቅ ይደርሳል።

ሌላው ጉዳይ ተሕዋስያን ናቸው። ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ የተባሉት ባክቴሪያዎች በማቀዝቀዣ ውስጥ አይሞቱም፤ ቆይተው ሥጋው ሲቀልጥ ይነቃሉ፤ ከእንስሳው ሳህንም ወደ ሰው እጅ ይሻገራሉ። በብሪታንያ ብዙዎቹ ከቤት የማይወጡ ድመቶች የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሲይዛቸው ምንጩ ለገበያ የተዘጋጀ ጥሬ የአጋዘን ሥጋ ሳይሆን አልቀረም ተብሏል፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በኦሪገን የሞተች ድመት የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ከበላችው ጥሬ የተርኪ ምግብ ከተገኘው ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ፋብሪካም ቢሆን ከጥፋት ነጻ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና በገባ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን የተባለ የፕላስቲክ ኬሚካል ተቀላቅሎ ብዙ ውሾችና ድመቶች በኩላሊት መድከም አልቀዋል። ሜላሚን የተመረጠው ናይትሮጅን ስላለው ነው፤ ፕሮቲንን በናይትሮጅን ልክ የሚገምተው ምርመራ በዚህ በቀላሉ ይታለላል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በዓል ሲደርስ በግቢ ከሚታረደው በግ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ፣ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ከረጢቱ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ፣ ኢካይኖኮከስ የተባለ ትል እጭ መኖሪያ ነው። እጩ በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደሚረዝም ትል ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩንና የውሻውን ፀጉር ይበክላል፤ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ሲውጠውም በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ዑደቱ የሚቋረጠው የተበከለው የሆድ ዕቃ በደንብ ሲቀቀል፣ ሲቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ሲቀበር፣ ውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየጊዜው ሲወስድ ነው።