ሥዕልም እንደ ቋንቋ ይለመዳል

ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፍ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በዚህም ምክንያት ስለ ወባ፣ ስለ ትራኮማ፣ ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምሩ ሥዕሎች በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተለጥፈው እናያለን። ነገር ግን ሥዕልን ማየትና ሥዕልን መረዳት አንድ አይደሉም። ሰው ሥዕልን የሚረዳው ካደገበት ባህልና ዓይኑ ከለመደው ነገር ተነሥቶ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብቻ ወደ 150,000 የሚገመት ሕዝብ ጨርሷል። ስለ እንዲህ ያለ በሽታ የሚያስተምር ሥዕል በተሳሳተ መንገድ ከተነበበ ጉዳቱ የሕይወት ነው።

የእኛ አካባቢ ሰው ሥዕልን ከየት ለመደ?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ገጠር ብዙው ሽማግሌና እናት ሥዕልን መጀመሪያ ያየው በቤተ ክርስቲያን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ጻድቃን ወደ ተመልካቹ ዞረው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን። ትልቅ ሆኖ የሚሣለውም በቅርብ ያለው ሳይሆን የከበረው ነው። ታሪክም በተርታ ይሣላል። ለምሳሌ ያህል የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንውሰድ፤ ለተጠማው ድኻ ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ ኋላም ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ይታያል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ይህን አሳምረው ያነቡታል። ለምን ቢባል ታሪኩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲተረክ ስለሰሙ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ ብቻውን አልተናገረም፤ ተራኪ ነበረው ማለት ነው።

የጤና ሥዕል ሲመጣስ?

1ኛ/ መጠን። የወባ ትንኝ እግሯና ክንፏ እንዲታይ ተብሎ ዶሮ አክላ ትሣላለች። ተመልካቹ ታዲያ «እንዲህ ያለች ትንኝ በእኛ አገር የለችም» ቢል ምን ይፈረድበታል? ከጎኗ የሰው ጣት ተሥሎ እውነተኛ መጠኗ ቢታይ ይሻላል።

2ኛ/ አካልን ለይቶ ማሳየት። ዝሆኔ በጎጃም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ የእግር በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም እርግማን ነው የሚል እምነት አለ። ያበጠ እግር ብቻ ተቆርጦ ሲሣል ያስደነግጣል፤ የታመመውን ሰው ያሳፍራል እንጂ አያስተምርም። ሰውዬው ሙሉ አካሉ ታይቶ፣ እግሩን በሳሙና ሲታጠብና ጫማ ሲያደርግ ቢሣል ግን መዳኛውን መንገድ ያሳያል።

3ኛ/ አለባበስና ቤት። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ልጅ ያቀፈች እናት ብትሣል፣ ለእኛ ሰው ሐዘን ላይ ያለች ልትመስለው ትችላለች። «ልጁ ሞተባት እንዴ?» ይላል። አጎበር በብረት አልጋ ላይ ተዘርግቶ ከታየ ደግሞ መደብ ላይ የሚተኛው ቤተሰብ «ይሄ አልጋ ላለው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቁምጣ የታጠቀና ጋቢ የለበሰ አባት ቢሣል ገበሬው ራሱን ያገኛል፤ በሱፍና በከረባት ከሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነው ብሎ ይተወዋል።

4ኛ/ ምልክት። ቀስትና የኤክስ ምልክት ለእኛ ግልጽ ናቸው፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ገብተን ለምደናቸዋል። ላልተማረ ሰው ግን መሥመር ብቻ ናቸው።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በኔፓል ገጠር በተደረገ ጥናት፣ ተከታታይ ሥዕል ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ እንደማይነበብና የእርማት ምልክቶችም ለብዙዎች ትርጉም እንደሌላቸው ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩት ለሜእን ሰዎች ወረቀት እንግዳ ስለነበረ የእንስሳት ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ቀረበላቸው፤ ከጥቂት ድካም በኋላ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ። ከዚህ የምንረዳው ሰው ሥዕልን መረዳት ያቅተዋል ማለት ሳይሆን ሥዕል እንደ ቋንቋ የሚለመድ መሆኑን ነው። ዛሬም በስልክና በቴሌቪዥን ያደገው ወጣት እናቱ ያላነበቡትን በቀላሉ ሲያነብ እናያለን።

ታዲያ እኛ እጩ መምህራን ምን እናድርግ?

ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ የተላከልንን ሥዕል ለጥፈን ዝም ማለት የለብንም። አስቀድመን ልጆቹን «ምን ታያላችሁ?»፣ ወላጆችንም «እማማ፣ እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከታሰበው ከራቀ ጥፋቱ የሥዕሉ እንጂ የተመልካቹ አይደለም። እንዲህ ሲሆን የአካባቢውን ቤት፣ ልብስና ዕቃ አስገብተን በራሳችን እጅ እንሣል፤ ተማሪዎቻችንም ይሣሉ። በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዞሩ ሕዝቡ የቱን ሥዕል እንደሚረዳ ያውቃሉ፤ እነርሱን እናማክር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥዕሉን እንተርከው። ቄሱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት ቆመው እንደሚተርኩት ሁሉ፣ የጤናው ሥዕልም ተራኪ ይፈልጋል። ያ ተራኪ መምህሩ ነው።