ከሽመላ የተማረው መሐንዲስ፥ ኦቶ ሊልየንታል

የአይሮፕላን አጀማመር በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያ የሚጠራው የሁለቱ አሜሪካውያን ወንድማማቾች፥ የዊልበርና የኦርቪል ራይት ስም ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው በአክብሮት ያነሡት የነበረ አንድ ጀርመናዊ አለ። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ሰው፥ ስለ መሐንዲሱ ኦቶ ሊልየንታል ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል።

ኦቶ በ1848 በሰሜን ጀርመን በፖመራንያ፥ አንክላም በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀድመው ስለ ሞቱ እርሱንና ታናሽ ወንድሙን ጉስታቭን ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። በከተማይቱ ዙሪያ ባለው መስክ ላይ ሽመላዎች ይሰፍሩ ነበርና ሁለቱ ልጆች እነርሱን መመልከት ሥራቸው ሆነ። ሽመላ ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ አውሮፓ ሲበርድ ወደ አፍሪካ ከሚወርዱት መካከል በአገራችን ሜዳ ላይ የሚታዩ አሉ። ልጆቹ ያስተዋሉት ነገር ሽመላ ለመነሣት ስትፈልግ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ የምትንደረደር መሆኗን ነው። እነርሱም ክንፍ ሠርተው፥ በክንዳቸው ላይ አሥረው፥ ከኮረብታ ቍልቍል እየሮጡ ሞከሩ። ጓደኞቻቸው እንዳይስቁባቸው የሚሞክሩት ሌሊት ነበር። አልበረሩም።

ኦቶ በበርሊን የምሕንድስና ትምህርቱን ፈጽሞ፥ ኋላም የእንፋሎት ሞተርና የውሃ ማፍያ ጋን የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1890 ከትርፉ ከመቶ 25 እጁ ለሠራተኞቹ እንዲከፋፈል ማድረጉም በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። የበረራው ነገር ግን ከልቡ አልወጣም። በዘመኑ መብረር የሚሹ ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ማሽኑን ይሠሩና ከዚያ በኋላ ለምን እንዳልተነሣ ይገረሙ ነበር። እርሱ ግን መለካትን አስቀደመ። በቋሚ ምሰሶ ላይ የሚሽከረከር ረጅም ክንድ አበጀ፤ በክንዱ ጫፍ ልዩ ልዩ ዓይነት ክንፍ እያሠረ፥ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣበትንና ወደ ኋላ የሚገታበትን ኃይል እየመዘነ ጻፈ። እንደ ወፍ ክንፍ በመጠኑ የጐበጠው ክንፍ ዝርግ ከሆነው እጅግ የሚበልጥ የማንሣት ኃይል እንዳለው ተረዳ፤ የጐበጠው ክንፍ የሚገጥመውን አየር አለዝቦ ወደ ታች ይመልሰዋልና። ይህን የቍጥር ሰንጠረዥ በ1889 በመጽሐፍ አትሞ ለማንም እንዲታይ አደረገ። እንደ እኔ አስተያየት፥ ከበረራው ሁሉ የሚበልጠው ሥራው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ከአኻያ እንጨትና ከጥጥ ጨርቅ ሞተር የሌለው መብረሪያ ሠርቶ በ1891 ከፖትስዳም አጠገብ በደርቪትስ 25 ሜትር ያህል በረረ። በ1894 በበርሊን ዳርቻ በሊሽተርፌልደ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጕብታ አስቆለለ፤ አፈሩ ከጡብ ፋብሪካ ጕድጓድ የወጣ ነበር። በሪኖቭ ኮረብቶች ላይ ደግሞ እስከ 250 ሜትር ደረሰ። እስከ 1896 ድረስ ወደ 2,000 ጊዜ ያህል እንደ በረረ ይነገራል። በክንፉ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ በየጋዜጣው ወጣ፤ ሰው መብረር አይችልም የሚለውም ክርክር መልስ አገኘ።

አንድ ጕድለት ግን ነበረበት። መብረሪያውን የሚያዘነብለው እግሩንና ወገቡን ወዲህና ወዲያ በማወናጨፍ ነው፤ ብርቱ ነፋስ ሲመጣ የሰው ክብደት አይበቃም። ነሐሴ 9 ቀን 1896፥ እሑድ ዕለት፥ በሽቶለን አጠገብ ሲበር መብረሪያው በአየር ላይ ቆመና ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወደቀ። የአከርካሪ አጥንቱ ተሰብሮ በማግስቱ በርሊን ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 48 ዓመት ነበር።

የሞቱ ወሬ ራይቶች ዘንድ ሲደርስ ስለ በረራ በብርቱ ማሰብ ጀመሩ። ዊልበር በ1900 በጻፈው ደብዳቤ፥ ሊልየንታል በ5 ዓመት ውስጥ በአየር ላይ የቆየው ሁሉ ቢደመር 5 ሰዓት ያህል ብቻ መሆኑን አስልቶ፥ ዘዴው እንደማይበቃ ፈረደ። እነርሱ ክንፉን ራሱን በገመድ እየጠመዘዙ ሚዛን መጠበቅን መረጡ። በ1901 የሠሩት መብረሪያ ከተሰላው በታች ሲያነሣ ግን የሊልየንታልን ሰንጠረዥ ጠረጠሩ። ነፋስ የሚነፍስበት ሣጥን ሠርተው ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾች መረመሩ። ስሕተቱ የተገኘው በሰንጠረዡ ላይ አልነበረም፤ መሐንዲሶች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳይመረምሩ ሲቀባበሉት የኖሩት፥ በእንግሊዛዊው በስሚተን ስም የሚጠራው የአየር ግፊት ልክ ከእውነተኛው በግማሽ ያህል በልጦ ተገኘ። የጀርመናዊው ቍጥር ለለካው ክንፍ በአብዛኛው ትክክል ነበር። ዊልበር በ1912 ካረፈ በኋላ በወጣው ጽሑፉ፥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የበረራን ነገር ከመረመሩት ሁሉ ሊልየንታልን ቀዳሚ አድርጎታል።