የአደገኛ ንጥረ ነገሮች አደጋን ማሳወቅ

የአደገኛ ንጥረ ነገሮች አደጋን ማሳወቅ ማለት መርዛማ፣ ተቀጣጣይ፣ ፈንጂ፣ ቆዳና ብረት የሚበላ ወይም ጨረር የሚያመነጭ ነገር ከመያዣው ሲያፈተልክ ወይም ሊያፈተልክ ሲቃረብ፣ መረጃውን ለነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ለሐኪሞችና ለአካባቢው ነዋሪ በፍጥነት የማድረስ ሥርዓት ነው። አደጋው በፋብሪካ፣ በመጋዘን፣ በባቡር፣ በመርከብ ወይም በመንገድ ላይ ባለ ቦቴ መኪና ሊደርስ ይችላል።

ይህ ጥሪ ከተለመደው የእሳት ቃጠሎ ጥሪ የሚለየው የንጥረ ነገሩ ማንነት ሥራውን ሁሉ ስለሚወስን ነው። ውሃ ብዙ ዓይነት እሳት ያጠፋል፤ በብየዳ ሥራ የሚታወቀው ካልሲየም ካርባይድ ግን ውሃ ሲነካው አሲቲሊን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ያፈተለከው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ የደረሰ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሊያድን ከመጣው ሰው ጋር አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

የጥሪው ይዘት

ጥሪው በአብዛኛው የሚጀምረው አደጋውን በቅርብ ካየው ሰው ነው፤ ይህም ሾፌር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ በፈሰሰበት ቦታ ሞተር ማስነሳት፣ ሲጋራ ማጨስም ሆነ በስልክ መነጋገር እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ደዋዩ መጀመሪያ ይርቃል፤ ከዚያ ይደውላል። ሲርቅም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ወዳለ ከፍ ያለ ቦታ መሄድ ይኖርበታል። ክሎሪንን የመሰሉ ጋዞች ከአየር ስለሚከብዱ በጉድጓድ፣ በምድር ቤትና በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማሉ።

ጥሩ ጥሪ የሚከተሉትን ይይዛል፦

• የአደጋው ትክክለኛ ቦታ፤ የመንገዱ ስም፣ የቅርብ ከተማ ወይም ታዋቂ ምልክት
• የንጥረ ነገሩ ስም፤ ካልታወቀ በመኪናው ወይም በበርሜሉ ላይ ያለው ቁጥርና ምልክት
• የፈሰሰው መጠን በግምት፣ አሁንም እየፈሰሰ መሆን አለመሆኑ
• ወደ አየር፣ ወደ ውሃ ወይም ወደ አፈር መግባቱ
• የተጎዱ ሰዎች ብዛትና የሚታይባቸው ስሜት፤ ለምሳሌ ሳል፣ የዓይን መቃጠል፣ ራስን መሳት
• የነፋሱ አቅጣጫና በአቅራቢያው ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ ገበያዎች ወይም ወንዞች
• ተመልሶ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር

ከእነዚህ አንዱ ስላልታወቀ ጥሪው መዘግየት የለበትም። በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድና የማኅበረሰብ የማወቅ መብት ሕግ፣ በሕግ ከተወሰነው መጠን በላይ አደገኛ ኬሚካል ያመለጠበት ድርጅት ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና የጎደለውን በኋላ በጽሑፍ እንዲያሟላ ያዛል። የመጀመሪያው ጥሪ ፈጣን፣ ተከታዩ ሪፖርት ደግሞ የተሟላ እንዲሆን ታስቦ ነው።

መለያ ቁጥሮችና ምልክቶች

ሰዎች ቋንቋቸው ቢለያይም አንድን ንጥረ ነገር በአንድ ስም እንዲጠሩት የተባበሩት መንግሥታት ባለ አራት አኃዝ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ቤንዚን 1203፣ ናፍጣ 1202፣ አሞኒያ ጋዝ 1005፣ ክሎሪን 1017 ነው። አደገኛ ጭነቶች ሁሉ በዘጠኝ ምድቦች ይከፈላሉ፤ ፈንጂዎች አንደኛው፣ ጋዞች ሁለተኛው፣ ተቀጣጣይ ፈሳሾች ሦስተኛው ምድብ ናቸው።

በአውሮፓና በሌሎች በርካታ አገሮች ቦቴ መኪናዎች ለሁለት የተከፈለ ብርቱካናማ ሰሌዳ ይለጥፋሉ። የታችኛው ክፍል መለያ ቁጥሩን፣ የላይኛው የአደጋውን ዓይነት ያሳያል። ከላይ 33፣ ከታች 1203 የሚል ሰሌዳ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ ማለትም ቤንዚን መጫኑን ይናገራል። አኃዙ መደገሙ የአደጋውን መበርታት ያመለክታል። ከላይኛው ቁጥር በፊት የመስቀለኛ ምልክት ካለ ንጥረ ነገሩ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አደገኛ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ኬሚስትሪ ምንም የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ከሩቅ አይቶ ያነበባቸው ቁጥሮች ለነፍስ አድን ሠራተኞች ዋና መረጃ ይሆናሉ።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ባለሙያዎች መመሪያ ያገላብጣሉ። በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት የአደጋ ምላሽ መመሪያ መጽሐፍ በቀለም የተከፋፈለ ነው፤ ቢጫው ገጽ በቁጥር፣ ሰማያዊው በስም፣ ብርቱካናማው የሚወሰደውን እርምጃ፣ አረንጓዴው መራቅ የሚገባውን ርቀት ይዟል። በአሜሪካ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌሊትና ቀን የኬሚካል ምክር በስልክ የሚሰጥ ማዕከልም አለ። በፋብሪካና በመጋዘን ደግሞ እያንዳንዱ ኬሚካል ባለ 16 ክፍል የደኅንነት መረጃ ሰነድ እንዲኖረው ይጠበቃል።

ነዋሪውን ማስጠንቀቅ

ለነዋሪው የሚሰጠው ትእዛዝ ከሁለት አንዱ ነው፤ አካባቢውን መልቀቅ ወይም ቤት ገብቶ መዝጋት። ጋዙ ቶሎ የሚያልፍ ከሆነና ለመውጣት ጊዜ ከሌለ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ የአየር ማራገቢያ አጥፍቶ ውስጥ መቆየት ይሻላል። ፍንዳታ የሚያሰጋ ከሆነ ወይም ጋዙ ለረጅም ጊዜ የሚፈስ ከሆነ መውጣት ይመረጣል። ሲወጡም ከጋዙ ፊት ፊት ከመሮጥ ይልቅ የነፋሱን መንገድ አቋርጦ ወደ ጎን መሄድ ያድናል።

ሳይረን ሰውን ያነቃል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ስለዚህ መልእክቱ ምን እንደደረሰ፣ የት እንደሆነ፣ ሰው አሁን ምን ማድረግ እንዳለበትና ቀጣዩን መረጃ ከየት እንደሚያገኝ ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ መናገር አለበት።

መረጃ ያልደረሰባቸው አደጋዎች

ሐምሌ 10 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ሴቬሶ ከተማ አጠገብ ካለ የኬሚካል ፋብሪካ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ያዘለ ደመና አመለጠ። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ የተደረገው ከ16 ቀን በኋላ ነበር። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ፋብሪካዎች አደጋን ለመንግሥት እንዲያሳውቁ፣ በአቅራቢያቸው ያለው ሕዝብም አስቀድሞ መረጃ እንዲያገኝ አስገደደ።

ታኅሣሥ 2 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. ሌሊት በሕንድ ቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ያህል ሜቲል አይሶስያኔት አፈተለከ። ለነዋሪው የሚሰማው ሳይረን ጥቂት ጮኾ ተዘጋ። ሐኪሞች በሽተኞቻቸው የተነፈሱት ጋዝ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ነዋሪዎችም ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን እንደሚረዳ አስቀድሞ አልተነገራቸውም ነበር። መጀመሪያ 2,259 የተባለው የሟቾች ቁጥር በመንግሥት ቆጠራ በኋላ 3,787 ደርሷል፤ ሌሎች ግምቶች ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ1986ቱ የአሜሪካ ሕግ የዚህ አደጋ ውጤት ነው።

ነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በቤይሩት ወደብ መጋዘን ቁጥር 12 እሳት ተነሣ። በውስጡ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት እንደነበረ ባለሥልጣናት ያውቁ ነበር፤ ለዓመታትም ስለ እርሱ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። እሳቱን ለማጥፋት የተላኩት አሥር የእሳት አደጋ ብርጌድ አባላት ግን ይህ አልተነገራቸውም፤ ሁሉም ሞቱ። በፍንዳታው ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። መረጃው በጽሑፍ ቢኖርም ለሚያስፈልገው ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት አልደረሰም።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ነዳጅና አብዛኛው ኬሚካል ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ስለዚህ ከፋብሪካ ርቀው በሚኖሩ የመንገድ ዳር ከተሞችም ቦቴ ሊገለበጥ ይችላል። ሕዝቡ ሳይጠነቀቅ የፈሰሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ሲሰበሰብ የሚደርሰውን የሌሎች የአፍሪካ አገሮች ታሪክ ያሳያል። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ በ2019፣ በሴራሊዮን ፍሪታውን በ2021 እ.ኤ.አ. በተገለበጠና በተጋጨ ቦቴ ዙሪያ ተሰብስበው የነበሩ ከመቶ በላይ ሰዎች በየቦታው በእሳት ሞተዋል። በእንዲህ ያለ አደጋ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መምጣት ያለበት በቦታው ካሉት ሰዎች ነው፤ የተሰበሰበውን ማራቅና ሌላውን ተሽከርካሪ ማስቆም የነፍስ አድን ሠራተኞች እስኪደርሱ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም።

በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ጥሪ 939 ነው። የፖሊስ ቁጥር 991፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደዋዩ ቦታውንና በሰሌዳው ላይ ያነበበውን ቁጥር ከተናገረ፣ የሚላኩት ሠራተኞች ከመነሣታቸው በፊት አረፋ ወይም ውሃ ይዘው መሄድ እንዳለባቸው፣ የት ርቀው መቆም እንደሚገባቸውም ማወቅ ይችላሉ።