ባክቴሪያውን ሳያዩ አሻራውን ማየት

«ጨጓራ አለብኝ» የሚለው አነጋገር በአገራችን እጅግ የተለመደ ነው። የጨጓራ ቁስለት መንስኤ ጭንቀትና ቅመም የበዛበት ምግብ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከታማሚዎች ጨጓራ ለይተው ማሳደግ ቻሉ። ለዚህ ግኝታቸውም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባክቴሪያው የጨጓራን ውስጠኛ ሽፋን ያስቆጣል፤ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ቁስለትን፣ በአንዳንዶች ላይም ካንሰርን ሊያስከትል ይችላል።

የባክቴሪያው ርዝመት ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሞች ጨጓራን በሚመረምሩበት ተራ ኢንዶስኮፕ (ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ) ሊታይ አይችልም። ታዲያ ምስሉ ምን ይነግረናል?

የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ከባክቴሪያው ነፃ በሆነ ጨጓራ ላይ ጥቃቅን የደም ሥሮች በተመጣጠነ ርቀት እንደተተከሉ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ። ሽፋኑ ሲቆጣ ግን ያብጣል፣ ይቀላል፤ ያ ሥርዓትም ይደበዝዛል።

ይህንን ለውጥ አጉልቶ ለማሳየት ፊዚክስ ያግዛል። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን 415 እና 540 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን አጥብቆ ይውጣል። ስለዚህ በነጭ ብርሃን ፈንታ እነዚህን ሁለት ጠባብ የሞገድ ክልሎች ብቻ ብንጠቀም፣ የደም ሥሮቹ ከአካባቢያቸው ጠቁረው ይለያሉ። ሰማያዊው ብርሃን ጠልቆ ስለማይገባ የላይኛውን ንጣፍ፣ አረንጓዴው ደግሞ ከሥሩ ያለውን ያሳየናል።

ሆኖም ምስል ጠቋሚ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። አስፕሪንን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችና አልኮልም ሽፋኑን ያስቆጣሉና። ስለሆነም ውጤቱ በናሙና፣ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። በትንፋሽ ምርመራ ታካሚው ካርቦን 13 ያለበት ዩሪያ ይጠጣል፤ ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰብረዋል፤ ካርቦኑም በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ከትንፋሽ ጋር ወጥቶ ይለካል።

ይህ ጥንቃቄ ትርፍ ነገር አይደለም። በግምት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ሕመሙን ሳያድን ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ዕድል ይሰጠዋል። ሕመም የሚደጋገምበት ሰው ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ከመዋጡ በፊት ተመርምሮ መንስኤውን እንዲያውቅ፣ ሕክምናውን ከጨረሰም በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱን በድጋሚ ምርመራ እንዲያረጋግጥ እንመክራለን።